ሳስቶ ነው ወይስ ተቀድዶ?

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን
ከሱቁ መስኮት ሥር

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ ካላየ አፉን አይከፍትም። አባትሽ አጠገቤ ተቀምጧል። ግራጫውን ኮት ጭኑ ላይ ዘርግቶ የግራ እጅጌውን እየተረተረ ነው። ትናንት ሰፍቶት ነበር፤ ነገም ይሰፋዋል። ስለዚህ ኮት የምነግርሽ ነገር አለኝና ከአሁኑ ልብ ብለሽ ያዢልኝ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆነው። መልሱን ያዘገየሁት ተቀይሜሽ እንዳይመስልሽ፤ ጥያቄሽ እንደዋዛ የሚመለስ ስላልሆነ ነው። አክስትሽ በስልክ፣ “አባትሽን አልዛይመር ይዞታል፤ ብትመጪም አያውቅሽም፤ በከንቱ አትድከሚ” ብላሻለች። አንቺም ይህን ሰምተሽ እንዲህ ብለሽ ጻፍሽልኝ፦ “እማዬ፣ ይህ በሽታ ለዓመታት ተደብቆ ቀስ እያለ ነው የሚገባው ይላሉ። ታዲያ የዚያን ቀን በስልክ ‘ልጅ የለኝም’ ያለኝ እሱ ነው ወይስ በሽታው? በሽታው ከሆነ ይቅር እለዋለሁ። እሱ ከሆነ ግን፣ ዛሬ ጭራሽ የማያውቀኝ ሰው ዘንድ ምን ልሠራ እመጣለሁ?”

ሦስቴ አነበብኩት። ከዚያ መነጽሬን ጠርጌ አራተኛ አነበብኩት። ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ መልሱን ስፈልግ ቆየሁ፤ እንዴት እንዳገኘሁት ከመጀመሪያው ልንገርሽ። እናትሽን ታውቂያታለሽ፤ ከጫፉ ካልጀመረች መሐሉን አታገኘውም።

አባትሽ ያወራል፣ ይበላል፣ ይስቃል። አንዳንዴ ግን ምንም ሳይባል ይስቅና ሳቁ ሳያልቅ እንባው ዱብ ዱብ ይላል። “ምን ሆንክ?” ስለው “እኔ እንጃ፣ ዓይኔ ነው” ይላል። ሲራመድ እግሩን አያነሳም፤ ወለሉን እየጠረገ ነው የሚሄደው። አንድ ነገር ከጠየቅሽው፣ ሄደሽ ውሃ ጠጥተሽ ስትመለሺ መልሱን ታገኚዋለሽ። ሥራው ላይ እጁ አልጠፋበትም፤ የጠፋበት ተራው ነው። ኮሌታውን ሳይጨርስ ገበሩን ይጀምራል፤ ገበሩን ጥሎ ደግሞ ቁልፍ ይተክላል።

ለአክስትሽ ይህ ሁሉ ያው አንድ ነገር ነው። “እናታችንም እንዲህ ነበረች፤ በዘር የመጣ ነው፤ አልዛይመር ነው” ትላለች። ዋናው ማስረጃዋ ደግሞ ይኸው ግራጫ ኮት ነው። “ባለቤት የሌለውን ኮት ሁለት ዓመት ሙሉ የሚሰፋና የሚተረትር ሰው ጤነኛ ነው?” አለችኝ። ባለፈው ወር አንድ እሑድ ሳጥን ይዛ መጣችና መቀሶቹን ልትሰበስብ ተነሳች። ወሩ ሲያልቅ ሱቁ ይዘጋል፣ የስፌት መኪናውም ይሸኛል ብላ ቆርጣ ነበር። ክፋት የለባትም፤ ወንድሟ ጣቱን እንዳይቆርጥ ፈርታ ነው። እኔም አልከለከልኳትም። እንዲያውም ትልቁን መቀስ ያቀበልኳት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ነው ጎረቤታችን ጫማ ሠሪው በር ላይ ብቅ ያለው። አፉ ውስጥ ሚስማር ይዞ ስለሚያወራ “ሚስማሩ” የምንለው፤ አልረሳሽውም መቼም።

“ምን እየሆነ ነው እትዬ?” አለኝ።

“ጋሼህ መርሳት ጀምሯል፤ እንደ እናቱ ነው እየተባለ ነው።”

ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ። ቁም ነገር ሊናገር ሲል ብቻ ነው የሚያወጣቸው። “እንደ እናቱማ አይደለም። እሳቸው እኮ ሲረሱ ሲረሱ አሥር ዓመት ፈጀባቸው። መጀመሪያ ማሰሮ ረሱ፣ ከዚያ መንገድ ረሱ፣ ከዚያ ሰው ረሱ። ጋሼ ግን አንድ ዓርብ ሸሚዜን ልቅም አድርጎ አስተካከለልኝ፤ በሁለተኛው ዓርብ የሌላውን ሸሚዜን ቁልፍ በጀርባው በኩል ተከለልኝ። በሁለት ዓርብ መሐል የሚያልቅ ምን ዓይነት መርሳት ነው?”

ልጄ፣ ጆሮዬ ቆመ። እናትሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቅ ፋብሪካ የሠራችው ምን እየሠራች ነበር? መብራት ከሥሩ በተለኮሰ መስታወት ላይ ጨርቅ ሲያልፍ ዓይኗን ተክላ እንከን ስትፈልግ አይደለም? እንከን ባየን ቁጥር አለቃችን የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ ነበር፤ “ሳስቶ ነው ወይስ ተቀድዶ?” የሳሳ ጨርቅ ጠርዝ የለውም። ከየት እንደጀመረ አታውቂም፤ ክሩ ራሱ እየመነመነ፣ እየመነመነ ብርሃን ያሳልፋል። የተቀደደ ጨርቅ ግን ጠርዝ አለው፤ ጣትሽን አስቀምጠሽ “ከዚህ ጀመረ” ማለት ትችያለሽ። ከሩቅ ሁለቱም ቀዳዳ ናቸው። ልዩነቱን ማወቅ ያስፈለገን ደግሞ ለወግ አልነበረም፤ የተቀደደ ከሆነ የሚቀድደው ነገር ማሽኑ ላይ አለ ማለት ነው። ካላቆምሽው ሌላም ይቀድዳል።

“መቀሱን መልሺልኝ” አልኳት አክስትሽን። “ወሩ እስኪያልቅ ጊዜ ስጪኝ። ሐኪም ሳያየው አንድ መርፌም ከዚህ አይወጣም።” ሰጠችኝ፤ ግን እሷም አብራን ልትሄድ አስማለችኝ።

የአንጎል ሐኪሟ ወጣት ናት፤ አንቺን ብትበልጥ በሁለት ዓመት ነው። ጠባብ ክፍል፣ ሦስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ለሁለት የተከፈለ የጭንቅላት ሥዕል። አባትሽ ገና እንደገባ የነጭ ካፖርቷን ትከሻ አይቶ “ይሄን የሰፋልሽ ሰው ቸኩሏል” አላት። ሳቀች። ወዲያው ወደድኳት።

“እናቴ፣ ነገሩ የጀመረው ቀስ በቀስ ነው ወይስ በድንገት?” ብላ ጠየቀችኝ።

“ቀስ በቀስ!” አለች አክስትሽ።

“በድንገት” አልኩ እኔ፣ ከሚስማሩ ሸሚዝ ሌላ ማስረጃ ሳይኖረኝ።

“እርስዎስ አባባ? እንዴት ነው የጀመርዎት?”

አባትሽ አሰበ፣ አሰበና፣ “እኔ ምንም አልጀመርኩም” አላት።

ከዚያ ሦስት ቃል አስያዘችው፤ ብርቱካን፣ ወንበር፣ ዝናብ። መልሶ አላት። ወሬ ለወጠች፤ ስለ ጨርቅ ጠየቀችው፣ ጣቶቹን አስቆጠረችው፣ እግሩን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገችው። ትንሽ ቆይታ “ቅድም የነገርኩዎት ሦስት ቃላት ምን ነበሩ?” አለችው። ወለሉን አየ፣ እኔን አየ። አንድም አልመጣለትም። አክስትሽ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ፤ “አላልኩሽም?” ማለቷ ነው።

ሐኪሟ ግን አልጨረሰችም። “አንደኛው ፍራፍሬ ነው” አለችው።

“ብርቱካን” አለ።

“አንደኛው ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ነው።”

“ወንበር።”

“አንደኛው ከሰማይ…”

“ዝናብ! ዝናብማ ደንበኛ የሚያስቀርብኝ ጠላቴ!”

ሦስቱንም አወጣቸው ልጄ! እኔ ወንበሬ ላይ አልተቀመጥኩም፤ ብድግ ብያለሁ። “ይሄ ምን ማለት ነው?” አልኳት። ሐኪሟም እንዲህ ስትል አስረዳችኝ፦ “ዕቃው መጋዘን ገብቷል ማለት ነው እናቴ። ተቀምጧል፤ የተበላሸው የሚያወጣበት መንገድ ነው። ፍንጭ ሲሰጡት መንገዱን ያገኘዋል። በአልዛይመር ግን ብዙውን ጊዜ አዲስ ነገር ከነጭራሹ መጋዘኑ አይገባም፤ ስለዚህ ፍንጩም ያን ያህል አይረዳም።” ቀጥላም፣ “ግን አንድ ፈተና ፍርድ አይደለም” አለች። እንዲህ ስትል ይበልጥ አመንኳት።

ቀጥሎ ሰዓት ሣል አለችው። ክቡን ደህና አድርጎ አዞረ፤ ስንት ኮሌታ የቆረጠ እጅ ነው። ቁጥሮቹን ግን አሥራ ሁለቱንም ወደ ቀኝ አጨናነቃቸው። ግራው ባዶ ሜዳ። “ሁሉም አሉ አባባ?” አለችው። “ቁጠሪያቸው” አላት። ቆጠርን፤ አሥራ ሁለት ነበሩ። ግራውን አላየውም እንጂ ቁጥር አላጎደለም። ሐኪሟ ወረቀቱን ረዘም ላለ ጊዜ አየችውና ጭንቅላቱ ፎቶ እንዲነሳ አዘዘች። ስታሰናብተን፣ “መቼ እንደጀመረው የሚያሳይ ነገር ቤት ውስጥ ካለ ፈልጉልኝ። ፎቶም፣ ደብዳቤም፣ የእጅ ሥራም ይሁን። ፎቶው ጠባሳውን ያሳየኛል፤ ቀኑን ግን አይነግረኝም” አለችን።

የልኬት መዝገቡ ትዝ አለኝ።

ያንን ጥቁር መዝገብ ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሳለሽ ነካሽው ብሎ ጣትሽን በሜትሩ ጫፍ የመታሽን። በትዳር ዘመናችን ሁሉ እኔም ከፍቼው አላውቅም። “የሰው የወገብ ስፋት የሰው ምስጢር ነው” ይል ነበር። አሁንም ሳላስፈቅደው መክፈት አልሆነልኝም። ፊቱ ቆሜ “ሐኪሟ መዝገብህን እንዳየው ፈልጋለች” አልኩት። መልሱ እስኪመጣ ጠበቅኩ። “የማን ሆድ እንደሰፋ ለማንም እንዳትተነፍሺ” አለና መዝገቡን ከመሳቢያ አውጥቶ በእጁ ሰጠኝ።

ምን እንዳየሁ ብነግርሽ! ደንበኛን በስሙ ጽፎ አያውቅም። “ጎባጣው መምህር”፣ “ትከሻዋ የሚወድቀው ነርስ”፣ “ሲለካ ትንፋሹን የሚውጠው ሹፌር” እያለ ነው። ሚስማሩ “አፉ የማይታመነው” ተብሎ ተመዝግቧል፤ ይህን ግን እንዳልነገርኩሽ ቁጠሪው። ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ። ከላይ ቀን፣ በግራ በኩል ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ እጅጌ እያለ ይወርዳል፤ በቀኝ በኩል ቁጥሩ። ያንን መዝገብ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ የፋብሪካ ዘመኔን ማጉያ መነጽር አውጥቼ፣ ገጽ በገጽ ለሦስት ቀን መረመርኩት። እውነቱን ልንገርሽ? በሕይወቴ እንደዚያ ተጠምጄ የሠራሁት ሥራ የለም። አባትሽ ሲቆስል ያየሁበት መዝገብ ነው፤ እኔ ግን መጪውን ገጽ ለማየት እንደ ልጅ እቸኩል ነበር። ኋላ ላይ አፈርኩ።

ዓመታት ሙሉ ጽሕፈቱ አንድ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ በሜትር የተሰመረ የሚመስል። የሳሳ ቦታ ፈለግኩ። የተሰረዘ ቁጥር፣ የተደገመ ደንበኛ፣ የተሳሳተ ቀን ፈለግኩ። የለም። ከዚያ አንድ ረቡዕ ላይ ስደርስ የገጹ መልክ ተለወጠ። ቃሉም ቁጥሩም ወደ ቀኝ ተጠግቶ ተፋፍጓል፤ የገጹ ግራ እኩሌታ ባዶ ነው። ልክ እንደሳለው ሰዓት! ማክሰኞ የጻፈው አለ፤ ቀጥ ያለ ነው። ረቡዕ ጠዋት የጻፈው አለ፤ ግራ የለውም። ጣቴን አስቀመጥኩበት። ጠርዝ አለው።

ከዚያ ወዲህ ገጾቹ ቀስ እያሉ ይሻላቸዋል፤ ጽሕፈቱ ወደ ግራ ይመለሳል፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም። አሥር ወር እንዲሁ ይቆያል። ከዚያ በአንድ ቀን ሌላ ስብራት አለ፤ ወገብ ከደረት በላይ ተጻፈ፣ እጅጌ ተዘለለ። እንደገና ረጋ። እንደገና ደግሞ የዛሬ ሰባት ወር ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ ደንበኛውን ብቻ ይጽፍና ቁጥሩን ይተዋል። ቁልቁለት አይደለም ልጄ፣ ደረጃ ነው። ይወርዳል ይቆማል፣ ይወርዳል ይቆማል።

ያንን የመጀመሪያ ረቡዕ አስታወስኩት። ጠዋት የሻይ ብርጭቆው ከግራ እጁ ወድቆ ተሰበረ። “አመለጠኝ” አለ። ቀኑን ሙሉ አፉን አልከፈተም፤ ስጠራው ዞር አይልም፤ ማታ የጃኬቱን አንድ እጅጌ ብቻ አውልቆ ተቀመጠ። እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? ኩርፊያ ነው አልኩ። አንቺ በስልክ የነገርሽውን እያሰበ አኮረፈ ብዬ፣ እኔም መልሼ አኮረፍኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈን በአንድ ገበታ በላን። ስትሮክ ነበር፤ ኋላ ሐኪሟ እንደነገረችኝ። እዚያው ዓይኔ ሥር። የሰው ጨርቅ ስመረምር ዕድሜዬን ጨርሼ የገዛ ባሌን ቀዳዳ ኩርፊያ ብዬ አለፍኩት። ያየሁትን ሁሉ እነግርሻለሁ ካልኩ የእኔንም መንገር አለብኝ።

ፎቶው ከመዝገቡ ጋር ገጠመ። ሐኪሟ ብርሃን ላይ ሰቅላ አሳየችኝ፤ እኔ ደግሞ ብርሃን ላይ የተሰቀለ ነገር ማየት ልምዴ ነው። በቀኝ በኩል አንድ ትልቅ ጠባሳ፣ ወደ ውስጥ ሁለት ትናንሽ። የቀኙ አንጎል የግራውን ጎን ነው የሚያየውና የሚያዘው አለችኝ፤ ብርጭቆውም፣ እጅጌውም፣ የገጹ ባዶ እኩሌታም ከዚያ ነው። “በዚህ ዕድሜ ሁለቱም በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። አልዛይመር ጨርሶ የለም ብዬ አልምልልዎትም። የማየው ግን የስትሮክ ጠባሳ ነው፤ እርስዎ ያመጡልኝም ታሪክ እሱኑ ነው የሚለው” አለች።

“የተቀደደውስ ይጠገናል?” አልኳት።

“ሙሉ በሙሉ አይመስለኝም። በልምምድ የሚመለስ አለ። ዋናው ግን የሚቀጥለውን መከልከል ነው። የደም ግፊቱ በጣም ከፍ ብሏል። መድኃኒት ታዞለት አያውቅም?”

ታዞለታል እንጂ! ከአምስት ዓመት በፊት ጀምሮ። ቤት ስንገባ “ክኒኖችህ የት ናቸው?” አልኩት። የነጭ ቁልፎቹን መሳቢያ ከፈተልኝ። ክብ ክቦቹ ከሸሚዝ ቁልፍ ጋር፣ ረዘም ረዘም ያሉት ከፒጃማ ቁልፍ ጋር፣ በመጠን በመጠናቸው ተለይተው ተቀምጠዋል። ግማሹ ከመጀመሪያው ስትሮክ በፊት የነበረ ነው፤ እንኳን በሽታው ዘንቦበት፣ ድሮም ክኒን የሚባል ነገር ጠላቱ ነበር። አሮጌውን ሁሉ ጥለን አዲስ ጀመርን። አክስትሽ ሳጥኗን ባዶውን ይዛ ሄዳ፣ አሁን በየጠዋቱ እየመጣች እስኪውጥ ድረስ ፊቱ ትቆማለች። “ምላስህን አንሳ” ትለዋለች እንደ ሕፃን። ሱቁ አይዘጋም። መቀሱም ከሰው ጋር ሲሆን በእጁ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እስካሁን ዙሪያውን የዞርኩት ለእኔም ስለከበደኝ ነው።

አንቺ የደወልሽው ሐሙስ ነበር። የተዘጋጀ ልብስ የሚያመርት ድርጅት ቀጠረኝ፣ ወደ ሱቁ አልመለስም ያልሽው። እሱም “መቀስ የምትሸሽ ልጅ፣ ልጅ የለኝም” ብሎ የዘጋብሽ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እንግዲህ መዝገቡን ሳገላብጥ የልቤ ምኞት ምን እንደነበር ልንገርሽ፤ የመጀመሪያው ስብራት ከሐሙስ በፊት እንዲሆን ነበር። በዋዜማው ረቡዕ ቢሆንልኝ፣ ያም ባይሆን ሐሙስ ጠዋት፣ “ልጄ፣ አባትሽ አልተናገረሽም፤ በሽታ ነው የተናገረሽ” ብዬ እጽፍልሽ ነበር። አንቺም ይቅር ትይው ነበር።

መዝገቡ እንቢ አለኝ። የሐሙሱ ገጽ ቀጥ ያለ ነው። የዓርቡም። የሰኞና የማክሰኞውም። ግራው የጠፋው ከስልኩ በኋላ በስድስተኛው ቀን ነው። ሐሙስ ዕለት ጭንቅላቱ ጤነኛ ነበር ልጄ። ያንን ቃል የተናገረሽ እሱ ራሱ ነው።

ይህን ገጽ ላለመጻፍ ሁለት ቀን ብዕር ደብቄአለሁ። ግን ከዓርብና ከሰኞ መሐል ቅዳሜ አለ። ቅዳሜ ላይ አንድ ገጽ አለ።

ጽሕፈቱ ቀጥ ያለ ነው፤ አንድ ፊደል አልተንጋደደም። ልኬት በቃል አይያዝም እያለ ስንቱን ተማሪ ሲቆጣ የኖረ ሰው፣ ማንም ፊቱ ሳይቆም በቃሉ ጽፎታል። ጨርቅ፦ ግራጫ ሱፍ። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ። ከዚያ የቀኝ እጅጌ ስድሳ አንድ፣ የግራ እጅጌ ስድሳ ሁለት። በልጅነትሽ ከዛፍ ወድቀሽ ቀኝ ክንድሽ ከተሰበረ ወዲህ ግራሽ በአንድ ሳንቲሜትር እንደሚበልጥ በዓለም ላይ ስንት ሰው ያውቃል? የደንበኛው ምልክት በሚጻፍበት፣ ከላይ፣ “ለልጄ” ይላል። ከታች ደግሞ “ስትመጣ ይስተካከል” ይላል።

የተቆጣሽ እሱ ነው፤ በሽታው አይደለም። በሁለተኛው ቀን ኮት የጀመረልሽም እሱ ነው፤ በሽታው አይደለም። ኮቱን ቆርጦ፣ ሰክቶ፣ የግራ እጅጌው ላይ ሲደርስ ረቡዕ መጣበት። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሁለት ዓመት ከአራት ወር የግራ እጅጌውን እየሰፋ ይተረትራል። አንዴ ስድሳ አንድ አድርጎ ይሰፋዋል፤ ልክ እንዳልሆነ እጁ ይነግረዋል፤ ይተረትረዋል። ባለቤት የሌለው ኮት ያልነው ያንቺን ኮት ነው።

ገጹን እንዳየሁ ሮጬ ሄጄ “ይሄ ኮት የማን ነው?” አልኩት። “የደንበኛ” አለኝ። ላለቅስ ስል ሐኪሟ ትዝ አለችኝ፤ ፍንጭ። አጠገቡ ተቀመጥኩና የግራውን እጅጌ ይዤ፣ “ባለቤቷ የግራ ክንዷ ይረዝማል” አልኩት። ቀና አለ። መርፌውን ደረቱ ላይ ሰካ። “በአንድ ሳንቲም” አለ። “ከዛፍ ወድቃ ነው። ተቆጪ ብዬሽ ሳቅሽባት።” ከዚያ ከእሱ በቀር ማንም በማይጠራሽ ስም ጠራሽ። “ሜትሬ” አለ። “ሜትሬ መቼ ነው የምትመጣው?” አለ። ዕንባው ወረደ፤ “ዓይኔ ነው” አላለም።

ስለዚህ ልጄ፣ መጋዘኑ ውስጥ አለሽ። አክስትሽ ያለችሽን ተዪው፤ እሷም አሁን ትታዋለች። ቅር ያለሽ ከሆነ መብትሽ ነው፤ እሱ የተናገረሽን እኔ በይቅርታ አልሰፋውም። ግን የደም ግፊቱ ገና አልተገራም፤ ሐኪሟ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ አታውቅም፤ እኔም አላውቅም። የዛሬው ደረጃ ላይ ቆሞ ሳለ እንድታገኚው እፈልጋለሁ። ይህን በግልጽ እለምንሻለሁ፤ ልመና ብዬ ነው የምጽፈው።

ስትደውዪለት “አወቅኸኝ?” ብለሽ አትጠይቂው። እንደዚያ ስትጠይቂው ይደነግጣል፤ ዝም ሲልሽም ልብሽ ይሰበራል። “ግራ እጅጌዬ አጠረ” በዪው። ከዚያ ትንሽ ጠብቂ። ረዘም ቢልብሽም ስልኩን አትዝጊ፤ መልሱ እየመጣ ነው።

ከክፉ ዓይንና ከክፉ ቀን ይሰውርሽ። እጅሽ ያረፈበት ሥራ ይባረክልሽ፤ የተዘጋጀ ልብስም ቢሆን። መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ጤና ይስጥሽ፣ ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ላንቺ ይጨምርልሽ።

ሳያቋርጥ የምትናፍቅሽ እናትሽ፣
ጨርቅ መርማሪዋ

ከወረቀቱ ግርጌ ቦታ ተውኩለትና ብዕሩን ሰጠሁት። ለሜትሬ ነው ስለው ወዲያው ተቀበለኝ። ከመሐል ጀምሮ ወደ ቀኝ ስለጻፈ ግራው ባዶ ነው፤ ረስቶት እንጂ ነፍጎሽ አይደለም።

                                        የግራ ክንድሽን ይዘሽ ነይ።